ጎርፍ የሚሄድበትን መንገድ አስቀድሞ ስለ ማወቅ

ውኃ መንገዱን አይረሳም፤ የሚረሳ ሰው ነው። ወንዝ አንድ ጊዜ የሄደበትን ስፍራ ዐሥር ዓመት ቢተወው፥ ሠላሳ ዓመትም ቢተወው፥ ዝናም በበዛ ቀን ተመልሶ ይይዘዋል። ሰው ግን ሁለት በጋ ደርቆ ያየው ወንዝ ለዘለዓለም የደረቀ ይመስለዋል፤ በዳርቻው ጐጆ ይሠራል፥ አጥር ያጥራል፥ ልጆቹንም ያሳድግበታል። ጎርፍ በመጣም ቀን «ውኃ ወደ ቤቴ መጣብኝ» ብሎ ይጮኻል እንጂ ቤቱ አስቀድሞ ወደ ውኃው መንገድ ሄዶ እንደ ነበረ አያስብም።

በዛሬው ጽሑፋችን ልናስረዳ የምንወደው ነገር፥ በዘመናችን የተገኘው ጥበብ የጎርፍን መንገድ ጎርፉ ሳይመጣ በካርታ ላይ ለማሳየት የሚችል መሆኑን ነው። ደግሞም ካርታው ተሠርቶ በመሳቢያ ውስጥ ቢቈለፍበት፥ ካልተሠራው የማይሻል መሆኑን ነው። ነገሩንም ያለ ምስክር ከመናገር በአገራችን በሆነው ማስረዳት ይሻላልና ከድሬዳዋ እንጀምራለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ድሬዳዋ የተቈረቈረችው በምድር ባቡር ምክንያት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ወደዚህ ስፍራ በደረሰ ጊዜ፥ የሐረርን ተራራ መውጣት ለባቡር የሚያስቸግር ሆኖ ስለ ተገኘ መንገዱ በቈላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ በተራራውም ግርጌ ዐዲስ ከተማ ተመሠረተ። ስሟም በመጀመሪያ ዐዲስ ሐረር ተብሎ ነበር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፥ በስተ ደቡብ ያለው ደጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ስለዚህ በደጋው ላይ የወረደ ዝናም ብዙ ሳይጓዝ በብርቱ ቍልቍለት ወደ ከተማዋ ይደርሳል።

ከዚያ ደጋ ወርዶ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ወንዝ ደቻቱ ይባላል፤ ከዚራ በአንዱ ወገን፥ መጋላ በሌላው ወገን ይገኛሉ። ይህ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የለበትም፤ ሰፊ የአሸዋ ጐዳና ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፥ ከብት ይነዳበታል፥ ሕፃናት ይጫወቱበታል፥ ቸርቻሪም ዕቃውን ይዘረጋበታል። ቤቱን በአሸዋ ላይ ስለ ሠራው ሰነፍ ሰው በቅዱስ ወንጌል የተነገረውን ምሳሌ የሚያውቅ ሁሉ፥ ደቻቱን በበጋ ቢያይ ምሳሌው ስለ ምን እንደ ተመሰለ በዐይኑ ይረዳዋል፤ አሸዋ የደረቀ ወንዝ ሥራ ነውና።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ቀን ለ30 አጥቢያ፥ በደጋው ላይ ብርቱ ዝናም ዘነመ። ሕዝቡ በተኛበት ሌሊት ደቻቱ ድንገት ሞልቶ ከዳርቻው ወጣ፤ በአጠገቡ ያሉትንም መንደሮች መታ። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በሺሕ የሚቈጠሩም ቤት አልባ ሆነው በመጠለያ ተሰበሰቡ። ወንዙ ከዚያ በፊትም ደጋግሞ ከተማዋን ያጠቃ ስለ ነበረ ሽማግሌዎች ጠባዩን ያውቁ ነበር። ነገር ግን የሽማግሌ ዕውቀት በቃል ብቻ የሚኖር ሲሆን፥ ከሌላ አገር መጥቶ ቦታ ለሚፈልግ እንግዳም ሆነ ቦታ ለሚያድል ሹም አይደርሰውም።

ይህ ጥፋት አስቀድሞ ሊታወቅ ይቻል ነበርን? ጥያቄውን በሁለት ከፍሎ ማየት ይገባል። ያ ዝናም በየትኛው ሌሊት እንዲዘንም ከብዙ ጊዜ በፊት ለማወቅ የሚችል ሰው የለም። እንዲህ ያለ ዝናም በዘነመ ጊዜ ግን ውኃው በየት በኩል እንዲያልፍ፥ የትኛውን መንደር አስቀድሞ እንዲመታ ለማወቅ ይቻላል፤ ተራራውና ሸለቆው ዛሬም ነገም በዚያው ስፍራ ናቸውና። ቀኑ የተሰወረ ነው፤ ስፍራው ግን የተገለጠ ነው። የዚህም ጽሑፍ ነገር ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጥፋት በድሬዳዋ ብቻ አላበቃም። ከሳምንት በኋላ ነሐሴ 7 ቀን በደቡብ በኩል የኦሞ ወንዝ በዳሰነች አገር ከዳርቻው ወጥቶ ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ከብትም አለቀ። በዚያው ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች በጣና ሐይቅ ምሥራቅ ያለውን የፎገራን ሜዳ ሸፍነውት ብዙ ሺሕ ሕዝብ ከቤቱ ወጣ። ሦስቱም ጎርፍ ይባሉ እንጂ ጠባያቸው የተለያየ ነው። የድሬዳዋው ደራሽ ነው፤ ከደጋ ተወርውሮ በጥቂት ሰዓት ይመጣል፥ በጥቂት ሰዓትም ያልፋል። የኦሞው ከሩቅ ደጋ ሲሰበሰብ ቈይቶ በታችኛው አገር የሚፈስ ነው። የፎገራው ደግሞ ሜዳው ከሐይቁ ብዙ የማይበልጥ ስለ ሆነ፥ ውኃው መውጫ አጥቶ ቀስ ብሎ የሚተኛ ነው። ሐኪም ሕመሙን ሳይለይ መድኃኒት እንደማያዝዝ፥ የጎርፍ ካርታ የሚሠራም ሰው የጎርፉን ዓይነት አስቀድሞ መለየት ይገባዋል።

አሁን ወደ ጥበቡ እንመለስ። የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዐት፥ በአጭር አጠራሩም ጂ.አይ.ኤስ. የሚባለው፥ በ1950ዎቹ ዓመታት በካናዳ አገር የተጀመረ ነው። የካናዳ መንግሥት ሰፊ አገሩን ለእርሻ፥ ለደንና ለዱር አራዊት ለይቶ ለመመዝገብ ባሰበ ጊዜ፥ የካርታው ብዛት በሰው እጅ ተሠርቶ የማያልቅ ሆነ። ያን ጊዜ ሮጀር ቶምሊንሰን የተባለ የጂኦግራፊ ዐዋቂ ካርታዎችን ወደ ኮምፒዩተር አግብቶ እርስ በርሳቸው ማነጻጸር እንዲቻል መንገዱን አሳየ።

ሥራው በምሳሌ ሲገለጥ እንዲህ ነው። ብርሃን የሚያሳልፉ ስስ ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተደራርበዋል እንበል። በአንደኛው ወረቀት የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ፥ በሁለተኛው ወንዞች፥ በሦስተኛው የአፈሩ ዓይነት፥ በአራተኛው እርሻውና ደኑ፥ በአምስተኛው ቤቶች፥ መንገዶችና ድልድዮች ተሥለዋል። ወረቀቶቹ በትክክል ከተገጣጠሙ ወደ ታች የሚመለከት ሰው አንዱን ስፍራ በአንድ ጊዜ በአምስት ወገን ያየዋል። ኮምፒዩተሩ ይህን በቍጥር ያደርገዋል፤ «ከወንዙ 50 ሜትር ባልራቀና ከወንዙ ወለል 2 ሜትር ብቻ ከፍ ባለ ስፍራ ስንት ቤት አለ?» ብሎ ለሚጠይቀው ሹም ወዲያው ቈጥሮ ይመልስለታል። እንዲህ ያለውን ሥራ ለመሥራት የሚያስችሉ ያለ ዋጋ የሚገኙ ፕሮግራሞችም ስላሉ፥ ገንዘብ የለንም ማለት እንደ ቀድሞው በቂ ምክንያት አይሆንም።

ከሁሉ የሚቀድመው የመሬቱ ከፍታ ነው። በየካቲት ወር 1992 ዓ.ም. ኤንዴቨር የምትባለው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር 11 ቀን ምድርን እየዞረች በራዳር ለካች፤ ከየብሱም 80 በመቶ የሚሆነውን መዘገበች። ከዚህ ሥራ የተገኘው መዝገብ ለማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ ይሰጣል። በመዝገቡም ውስጥ ምድር እንደ ገበታ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፍላለች፤ የእያንዳንዱ ወገን 30 ሜትር ያህል ሲሆን በእያንዳንዱ ላይ ከፍታው ተጽፏል።

ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን አራት ማዕዘን ይዞ በዙሪያው ካሉት ስምንት ጎረቤቶች ማን ይበልጥ ዝቅ እንደሚል ይመረምራል፤ ውኃውም ወደዚያ እንደሚሄድ ይመዘግባል። ይህን በሺሕና በሚሊዮን ለሚቈጠሩት ሁሉ ካደረገ በኋላ፥ ወደ እያንዳንዱ ስፍራ ከላይ ስንት አራት ማዕዘን እንደሚያፈስስ ይቈጥራል። ጥቂት የሚያፈስስበት የተራራ ጫፍ ነው፤ ብዙ የሚያፈስስበት ወንዝ ነው። እንግዲህ ይህ ሥራ በመሬቱ ቅርጽ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ በጋና ክረምት የለበትም፤ ወንዙ ደረቀ ብሎ አይታለልም። ሰው አሸዋ ብቻ በሚያይበት ስፍራ እርሱ የተራራው ውኃ ሁሉ የሚሰበሰብበትን በር ያያል።

የውኃውም ብዛት በሒሳብ ይታወቃል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናም በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ቢወርድ 1,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። ለምሳሌ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ተፋሰስ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢወርድ 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። እኩሌታው ወደ መሬት ቢሰርግ የቀረው 2 ሚሊዮን ከ500 ሺሕ ሜትር ኩብ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ይህ ውኃ በ4 ሰዓት ውስጥ ቢያልፍ በየሴኮንዱ 170 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ በ2 ሰዓት ቢያልፍ ግን ከ340 ይበልጣል። በዚህ ምክንያት በደጋው ላይ ያለው ዛፍና ሣር ለቈላው ከተማ የሕይወት ነገር ነው፤ መሬቱ ሲራቈት የሚሰርገው ያንሳል፥ የሚወርደውም ይፈጥናል። ደን የሚቈርጥና በጎርፍ የሚወሰድ ሰው በአንድ ስፍራ አይኖሩም፤ ካርታው ግን ሁለቱን በአንድ ተፋሰስ ውስጥ አገናኝቶ ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ልዩ ልዩዎቹን ነገሮች መዝኖ አንድ ለማድረግ የሰው ፍርድ ይገባበታል። ተዳፋቱ፥ ከወንዝ ያለው ርቀት፥ አፈሩ፥ ዝናሙ፥ መሬቱ የተሸፈነበት ነገር፥ እያንዳንዱ ምን ያህል ክብደት ይሰጠው? በ1960ዎቹ ዓመታት ቶማስ ሳቲ የተባለ የሒሳብ ሊቅ ያሳየው ስልት በብዙ አገር ይሠራበታል፤ ይኸውም ነገሮቹን ሁለት ሁለቱን እያነጻጸሩ «ከዚህና ከዚያ ማን ይበልጣል፥ በምንስ ያህል?» እያሉ መጠየቅ ነው። የተሰጡት መልሶች እርስ በርሳቸው የሚጣረሱ እንደ ሆነ በቍጥር ይታወቃል፤ ቍጥሩም ከ0.10 ያለፈ እንደ ሆነ ፍርዱ እንደ ገና እንዲታይ ይደረጋል። እንግዲህ ካርታ ቀርቦለት ሊፈርምበት የተዘጋጀ ሹም የቀለሙን ማማር ብቻ ማየት አይበቃውም። «ክብደቱን ማን ሰጠ? በምን ምክንያት ሰጠ? ከዚህ ቀደም በሆነ ጎርፍ ተፈትኗልን?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። መልስ የሌለው ካርታ ሥዕል ነው።

ጥበቡን ስናመሰግን ጕድለቱን መሸሸግ አይገባንም። 30 ሜትር ወገን ያለው አራት ማዕዘን ከዚያ የጠበበውን ፈረፈርና በመንገድ ሥር ያለውን ቱቦ አያይም፤ በከፍታውም የጥቂት ሜትር ስሕተት ይገኝበታል። እንዲህ ያለ ስሕተት በድሬዳዋ ተራራ ላይ ብዙ ላይጐዳ ይችላል፤ የግማሽ ሜትር ልዩነት ቤትን ከውኃ በሚለይበት በፎገራ ሜዳ ላይ ግን ካርታውን ከንቱ ያደርገዋል። በዚያ ያለ ሰው መሬቱን በእግሩ እየዞረ በመለኪያ መሣሪያ መለካት፥ ወይም ሰው አልባ በሆነች ትንሽ አውሮፕላን ከቅርብ ማስነሣት አለበት።

ሌላም ስሕተት አለ። ቀድሞ የታተሙት የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው መነሻ የተለኩ ናቸው፤ ዛሬ ከሳተላይት የምንቀበለው ቍጥር ግን በሌላ መነሻ ነው። ሁለቱን ሳያስተካክል ያደራረበ ሰው አንዱን ስፍራ ከ200 ሜትር በላይ አዛውሮ ያገኘዋል። ከወንዝ 200 ሜትር ማለት የሕይወትና የሞት ልዩነት ስለ ሆነ፥ ከሠራተኛው ትጋት የሚጠበቀው የመጀመሪያው ነገር ይህን ማስተካከል ነው።

ጎርፉ በወረደም ጊዜ ካርታውን ለመፈተን መንገድ አለ። በክረምት ሰማዩ በደመና የተሸፈነ ስለ ሆነ በብርሃን ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሳተላይቶች ምድርን ለማየት ይቸገራሉ። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ያመጠቀው ሴንቲኔል 1 የተባለው ሳተላይት ግን በራዳር የሚሠራ በመሆኑ በደመናና በጨለማ ውስጥ ያያል። የራዳር ጨረር በተኛ ውኃ ላይ ሲያርፍ ወደ ሌላ ወገን ይነጥርና አይመለስም፤ ስለዚህ ውኃው በሥዕሉ ላይ ጥቍር ሆኖ ይታያል። ጥቍሩ ስፍራ ካርታው አስቀድሞ ካመለከተው ጋር ቢስማማ ካርታው እውነተኛ ነው፤ ባይስማማ መታረም አለበት። በጥቂት ሰዓት መጥቶ የሚያልፈውን የድሬዳዋን ዓይነት ጎርፍ ግን ሳተላይቱ በላዩ ሲያልፍ ላያገኘው ይችላል።

እዚህ ላይ የሰው ትዝታ ከመሣሪያ ይልቅ ይጠቅማል። ሽማግሌ በግንብ ላይ እጁን አኑሮ «ውኃው እስከዚህ ደርሶ ነበር» ቢል፥ ያን ምልክት ለክቶ ከዓመቱ ጋር የመዘገበ ሰው ምንም ሳተላይት ሊሰጠው የማይችለውን ዕውቀት አገኘ። በየአድባራቱና በየገዳማቱ ደግሞ በመጻሕፍት ባዶ ገጽና ጠርዝ ላይ የዘመኑን ነገር በማስታወሻ መጻፍ የቈየ ልማድ ነው። በእነዚህ ማስታወሻዎች ውስጥ ወንዝ የሞላበት፥ ሰብል የጠፋበት ዓመት ተጽፎ የተገኘ እንደ ሆነ፥ መሪጌታው ወይም ገበዙ ለካርታ ሠራተኛው ቢያሳየው ለሕዝብ ትልቅ ውለታ ይሆናል። በድሬዳዋና በምሥራቁ አገር ያሉ ሼሆችና የአገር ሽማግሌዎችም የዚህ ዓይነት ዕውቀት ባለቤቶች ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚለው ቃል ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ጎርፉ አንድ ጊዜ መጥቶ ካለፈ ለ100 ዓመት የማይመለስ ይመስለዋል። ትርጕሙ ግን እንዲህ ያለው ጎርፍ በማናቸውም ዓመት ለመምጣት ከ100 አንድ ዕድል ያለው ነው ማለት ነው፤ ዘንድሮ የመጣው ለከርሞም ሊመጣ ይችላል። አንድ ቤት 30 ዓመት ቢቆም በዚያ ዘመን ውስጥ እንዲህ ያለ ጎርፍ ሊያገኘው ከ100 26 ዕድል አለ፤ 50 ዓመት ቢቆም ከ100 40 ያህል ይደርሳል። ልጁን ከአራት አንድ የሞት ዕድል ባለበት መንገድ የሚልክ አባት አይገኝም፤ ቤቱን ግን ሳያውቅ በእንዲህ ያለ ስፍራ ይሠራል። ያላወቀው ሰው ይቅር ይባል። ካርታውን በጠረጴዛው ላይ ይዞ ቦታውን መርቶ የሰጠው ግን ምን ይመልሳል?

ከዚህ ላይ ከነገሩ ሁሉ የሚከብደው ይመጣል። በካርታው ላይ በቀይ ቀለም በተመለከተው ስፍራ የሚኖረው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ድኻው ነው። ከፍ ያለው ቦታ ዋጋው ከፍ ስላለበት፥ ለገበያና ለሥራ የሚቀርበውም የወንዙ ዳር ስለ ሆነ፥ አደጋውን እያወቀ እንኳ ተስፋ አድርጎ ይቀመጣል። ስለዚህ ካርታው ድኻን ከጐጆው ለማስወጣት ብቻ የሚነሣ በትር የሆነ እንደ ሆነ፥ ሕዝቡ ካርታ ሠራተኛውን እንደ ጠላት ያየዋል፤ የውኃውንም ምልክት ይደብቅበታል። የሚነሣበትን ስፍራ የሚያሳይ ካርታ የሚያርፍበትንም ስፍራ አብሮ ማሳየት አለበት፤ ለውኃ መቅጃ፥ ለትምህርት ቤትና ለገበያ የሚቀርብ፥ ከጎርፍም የዳነ ስፍራ መሆን ይገባዋል። ቀዩን ብቻ የሚያሳይ ካርታ ግማሽ ካርታ ነው።

በጎርፍ የሚረጥበው መሬት ሁሉም ክፉ ነው ማለትም አይገባም። የፎገራ ገበሬ ሩዙን የሚያበቅለው ውኃ በሚተኛበት መሬት ላይ ነው፤ ወንዙ የሚያመጣውም ደለል እርሻውን ያለመልምለታል። እርሱን ከእርሻው ማራቅ ማስራብ ነው። የሚሻለው እርሻው በሜዳው እንዲቀጥል፥ መኝታው፥ ጐተራውና የከብቱ በረት ግን ከፍ ወዳለው ስፍራ እንዲሆን ማድረግ ነው። ካርታው ይህን ለይቶ የሚያሳይ ከሆነ ለገበሬው ወዳጅ ይሆንለታል።

ደግሞም ካርታ እንደ ሃይማኖት መጽሐፍ ተጽፎ የሚቀር ነገር አይደለም። ዐዲስ መንገድ ሲወጣ፥ ድልድይ ሲሠራ፥ በወንዙ ዳር ግንብ ሲቆም የውኃው መንገድ ይለወጣል። ግንብ አንዱን መንደር ሲጠብቅ ውኃውን አጥብቦና አፍጥኖ ወደ ታችኛው መንደር ሊሰድደው ይችላል። ከዚህም የሚከፋው ሕዝቡ በግንቡ ተማምኖ እንደ ገና ወደ ወንዙ መጠጋቱ ነው። ስለዚህ በየጥቂቱ ዓመት፥ ይልቁንም ትልቅ ሥራ በተሠራ ጊዜና ጎርፍ በወረደ ማግስት ካርታው መታደስ አለበት።

እንግዲህ ማን ምን ያድርግ? ቦታ የሚያድል ሹም ካርታውን ሳይመለከት ፊርማውን አያኑር፤ ካርታ ያልተሠራለት ወረዳም እንዲሠራለት ይጠይቅ። ካርታው በአስተዳደሩ ቢሮ ብቻ ሳይሆን በቀበሌው ግድግዳ ላይ፥ ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋና በሚያውቀው የሰፈር ስም ተጽፎ ይሰቀል። የደጋው ዝናም በተበራከተ ጊዜ ለቈላው ከተማ ወዲያው የሚነገርበት መንገድ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ለደራሽ ጎርፍ የአንድ ሰዓት ማስጠንቀቂያ ብዙ ነፍስ ያድናልና። ማን እንደሚደውል፥ ማን እንደሚቀበል፥ ሕዝቡም በየትኛው መንገድ ወደየትኛው ከፍታ እንደሚወጣ በበጋ ሳለ ይወሰን።

ካህናት ደግሞ ሹም የማይደርስበት ስፍራ ይደርሳሉ። በሠርክና በማለዳ ከሕዝቡ ጋር የሚገናኝ ሰው የሚናገረው ነገር፥ በግድግዳ ከተሰቀለው ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል። ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ከፍ ባለ ስፍራ የተሠሩ ስለ ሆኑ፥ በጎርፍ ቀን ሕዝቡ ሊጠጋባቸው የሚችሉ ናቸው፤ ቅጥራቸው በካርታው ላይ እንደ መጠጊያ እንዲጻፍ ቢያደርጉ፥ ደወሉም ለዚያ ቀን ልዩ ምልክት እንዲኖረው ከሕዝቡ ጋር ቢስማሙ፥ ይህ ለሥጋም ለነፍስም የሚሆን አገልግሎት ነው። በመስጊድም ያሉ አባቶች በድምፅ ማጉያቸው እንዲሁ ማድረግ ይችላሉ። ኖኅ መርከቡን የሠራው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ነበር፤ ያን ጊዜ ሥራው ለጎረቤቶቹ ከንቱ ድካም መስሎ ቢታያቸው አያስደንቅም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ጕዳይ ነው። ጎርፍ ካለፈ በኋላ የሚሠራ ካርታ የሙታንን መቃብር የሚያሳይ ነው፤ ጎርፍ ሳይመጣ የሚሠራ ካርታ ግን የሕያዋንን ቤት የሚያሳይ ነው። ሁለቱን ለመሥራት የሚያስፈልገው ድካምና ወጪ ብዙ አይለያይም። የሚለያየው የምንሠራበት ጊዜና ከሠራን በኋላ ለቃሉ የምንታዘዝ መሆናችን ነው። ከሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ወዲህ በድሬዳዋ የተወለዱ ልጆች አድገው ቤት የሚሠሩበትን ስፍራ መፈለጋቸው አይቀርም። እነርሱ ያችን ሌሊት አያስታውሱም። ደቻቱ ግን መንገዱን ያስታውሳልና፥ የወላጆቻቸውን ትዝታ በካርታ ላይ ጽፈን በእጃቸው ማኖር የእኛ ፈንታ ነው።